የአባ ሰንጋ ክትባት ለሰው፦ ለማን፣ መቼና እንዴት? ለጅማና አካባቢዋ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በጅማ ዞን በአንድ ቀበሌ ከብት በድንገት ሞቶ ምክንያቱ አባ ሰንጋ ነው ሲባል፣ ሥጋውን የቀመሱና ቆዳውን የገፈፉ ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ጥያቄ «ለእኛም ክትባቱ ይሰጠን» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለሰው የሚሰጥ የአባ ሰንጋ ክትባት በእርግጥ አለ፣ በአንዳንድ አገሮችም ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ አልተካተተም፤ ቢገኝ እንኳ ትናንት የታመመ በሬ ያረደን ሰው ዛሬ ብቻውን ሊታደገው አይችልም፣ የክትባት መከላከያ ኃይል የሚገነባው በሳምንታትና በወራት ነውና። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከመርፌው ሳይሆን «እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ለአብዛኛው የጅማ ገበሬ፣ ለልኳንዳ ነጋዴና ለቆዳ ነጋዴ፣ ሰውን ከአባ ሰንጋ የሚጠብቀው መርፌ በከብቱ ቆዳ ሥር የሚወጋው ነው። የሰው ክንድ ላይ የሚወጋው ለጥቂቶች ነው፤ ለእነዚያ ጥቂቶች ግን በወጉ ሊታወቅ ይገባል።

ደረጃ 1፦ የትኛው ወገን እንደሆኑ ይለዩ

አባ ሰንጋ ባሲለስ አንትራሲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በዋነኛነት ሣር በል እንስሳትን የሚያጠቃና ከእነርሱ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ እጅግ አልፎ አልፎ የሚታይ በመሆኑ፣ በገበያ፣ በትምህርት ቤት ወይም በአንድ ቤት አብሮ በመኖር አይዛመትም፤ በጅምላ ሕዝብን መከተብ የማያስፈልገውም ከዚህ የተነሣ ነው። ለበሽታው የሚጋለጠው ሰው በሥራው ወይም በገበታው ከታመመ ወይም ከሞተ እንስሳ ጋር የሚነካካ ነው።

በጅማ ሁኔታ እነዚህን ሰዎች በሦስት ወገን ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያውና ትልቁ ወገን ከብት አርቢው ገበሬ፣ ቤተሰቡ፣ አራጁ፣ ልኳንዳ ቤት የሚሠራውና ከየገበያው ቆዳና ሌጦ የሚሰበስበው ነጋዴ ነው፤ ይህ ወገን ደረጃ 2ን፣ 3ንና 4ን በጥንቃቄ ሊያነብ ይገባል። ሁለተኛው ወገን ሥጋ የበላ ወይም በድን የነካና ሥጋት የገባው ሰው ነው፤ እርሱ ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ደረጃ 4 ይለፍ። ሦስተኛውና ትንሹ ወገን በሥራው ምክንያት ከባክቴሪያው ጋር በተደጋጋሚ የሚገናኝ ነው፦ ባክቴሪያውን የሚያሳድግ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር ናሙና የሚወስድ የእንስሳት ሐኪም፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በዚሁ ዘርፍ ምርምር የሚያደርግ መምህር ወይም ተማሪ፣ እንዲሁም ለትምህርት ውጭ አገር ሄዶ እንዲህ ባለ ላቦራቶሪ የሚመደብ ሰው። የሰው ክትባት ጉዳይ በቁም ነገር የሚነሣው ለዚህ ወገን ሲሆን ደረጃ 5 እና 6 ለእርሱ የተጻፉ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ከብቱን ያስከትቡ

ባክቴሪያው ከታመመ እንስሳ ደም ጋር ወጥቶ አየር ሲያገኝ ስፖር ወደሚባል ጠንካራ ቅርፅ ይለወጣል፤ ስፖሩም ዝናቡን እንደሚጠብቅ ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። በደረቁ ወራት ሣሩ ሲያጥርና ከብቱ ከመሬት ተጠግቶ ሲግጥ አፈሩን አብሮ ይውጣል፤ ዝናብና ጎርፍ ደግሞ የተቀበረውን ስፖር አውጥተው ውሃ በሚተኛባቸው ዝቅተኛ ሜዳዎች ላይ ይሰበስቡታል። ስለዚህ በጊቤና በግልገል ጊቤ ዳርቻ፣ እንዲሁም ውሃ በሚያቁር ሜዳ ላይ ከብት የሚያሰማራ ሰው ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባል።

በእንስሳት ላይ የሚሰጠው ክትባት መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪካ ማክስ ስተርን ያገኘው የተዳከመ የባክቴሪያው ዝርያ ነው። በአገራችን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ክትባቱ የሚሠራው ለአንድ ዓመት ያህል በመሆኑ በየዓመቱ መደገም አለበት፤ «አምና ተከትቧል» የሚለው መልስ ዘንድሮ አይሠራም። የመከላከል አቅሙ እስኪፈጠር ከሳምንት እስከ 10 ቀን ያህል ስለሚወስድ፣ ወረርሽኙ በር ላይ ሲደርስ ከመሯሯጥ ይልቅ የሥጋቱ ወቅት ከመግባቱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቀድሞ ማስከተብ ይሻላል። የጅማ ዝናብ በአብዛኛው መጋቢት አካባቢ ስለሚጀምር፣ ጥር ወይም የካቲት ላይ ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀጠሮ መያዝ ጥሩ ነው። ቀበሌው በአካባቢው በሽታው መቼ እንደሚታይ ከራሱ ልምድ የሚያውቅ ከሆነ ያንን ይከተል።

ቀኑ ሲደርስ ላሙንና በሬውን ብቻ ሳይሆን በጉን፣ ፍየሉን፣ ፈረሱንና በቅሎውንም ስለማስከተብ ባለሙያውን ይጠይቁ። ክትባቱ ሕይወት ያለው ስፖር ስለሆነ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በሰውነቱ ውስጥ ባለ እንስሳ ላይ አይሠራም፤ መድኃኒቱ ክትባቱን ይገድለዋል። ስለዚህ ከብትዎ በቅርቡ ፔኒሲሊን ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋ ከሆነ አይደብቁ፣ ባለሙያው ቀኑን ያራዝምልዎታል። ከመርፌው በኋላ ለአንድ ወይም ሁለት ቀን መጠነኛ ትኩሳትና የተወጋው ቦታ ማበጥ ሊታይ ይችላል። የተከተበውን እንስሳ ደግሞ በጠርሙሱ መግለጫ ላይ የተጻፈው የጥበቃ ጊዜ እስኪያልፍ ለእርድ አያቅርቡት፤ በሬውን ለበዓል የሚያደልብ ሰው የክትባቱን ቀን ከዚህ አንጻር አስቀድሞ ማስላት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ለእንስሳት የተዘጋጀውን ክትባት ለሰው መውጋት ፈጽሞ አይፈቀድም። የክትባት ዘመቻ ሲካሄድ በጠርሙሱ ግርጌ የቀረችውን «ለእኛም» የሚል ቀልድ ከእውነት ጋር የተቀላቀለ ጥያቄ ከሰማን ሰዎች መካከል ነኝና ነገሩን በቀልድ አላልፈውም። በአጋጣሚ መርፌው የባለሙያውን ወይም ከብቱን የያዘውን ሰው ጣት ቢወጋ፣ ቦታውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥቦ፣ የክትባቱን ስም ይዞ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የተከፈተ ጠርሙስ ለነገ አይተርፍም፤ የተረፈው ክትባትና ያገለገሉት መርፌዎችም ወደ ሜዳ አይጣሉም፣ ባለሙያው ሰብስቦ ያቃጥላቸዋል።

ደረጃ 3፦ በድንገት የታመመ ከብት ላይ ቢላ አያሳርፉ

በእኔ ግምት የዚህ መመሪያ ክብደት ያለው እዚህ ነው። በአገራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በክት አይበላም፤ ይህ ደንብ ሰውን ከብዙ በሽታ እንደጠበቀ አልጠራጠርም። አደጋው ያለው ከብቱ በክት ከመሆኑ በፊት ባለችው በዚያች አጭር ሰዓት ውስጥ ነው። ማታ ደህና ሆኖ የገባ በሬ ሲነጋ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ይወድቃል። ባለቤቱ የዓመት ሀብቱ ከእጁ ሊወጣ ነው፤ «ኧረ ሳይበክት ቢላ አምጡለት!» ይባላል፣ አራጅ ይጠራል፣ ጎረቤት ሣህን ይዞ ይሰበሰባል፣ ሥጋው በቅርጫ ይከፋፈላል፣ ገንዘቡም ባለቤቱን ትንሽ ይደግፈዋል። ነገሩ ሁሉ የመተዛዘን ነው፤ ሆኖም በሬው የታመመው በአባ ሰንጋ ከሆነ በአንድ ጠዋት አራጁን፣ ገፋፊውን፣ ሥጋ ከታፊዋንና በላተኛውን ሁሉ ለበሽታው ያጋልጣል።

ስለዚህ በድንገት የታመመና ትኩሳት ያለው ከብት አይታረድ። ሳይታረድ የሞተ ከሆነም ምልክቶቹን ከርቀት ይመልከቱ፦ ከአፍንጫ፣ ከአፍ ወይም ከፊንጢጣ የሚወጣ የጠቆረና የማይረጋ ደም፣ ሳይቆይ የሚነፋ ሆድ፣ እንደ ሌላ በድን የማይደርቅ አካል። እነዚህ ምልክቶች ሁልጊዜ ላይታዩ ይችላሉ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ ሞት ብቻውን በቂ ሥጋት ነው። ሳይታወቅ የታረደ ከብት ከሆነ ደግሞ ልኳንዳ ቤት የሚሠራ ሰው ጣፊያውን ቢያይ ብዙ ነገር ይገነዘባል፤ ከልኩ በላይ ያበጠ፣ የጠቆረና ሲቆረጥ እንደ ጭቃ የሚፈስ ጣፊያ ቢላውን አስቀምጦ ሁሉንም ሰው ከሥጋው ለማራቅ በቂ ምክንያት ነው። «በደንብ ከተቀቀለ ችግር የለውም» የሚለው አነጋገር አያዋጣም፤ ስፖር ሙቀትን በጣም ይቋቋማል፣ ደግሞም ሥጋው ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት የቆረጡት እጆች ሁሉ ተነክተዋል። ጥሬውን መብላትማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

በድኑን ምን እናድርገው? መጀመሪያ አይክፈቱት፣ ቆዳውን አይግፈፉ፣ በመሬት ላይም አይጎትቱት። ያልተከፈተ በድን ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከመበስበስ የተነሣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአብዛኛው ይሞታል፤ አየር ሲያገኝ ግን ስፖር ሆኖ መሬቱን ለሚመጡት ዓመታት ይበክላል። አንድ ቆዳ ለመሸጥ ብሎ በድን መግፈፍ ማለት የራስን የግጦሽ መሬት ለልጅ ልጅ መመረዝ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ውሻና ጅብ እንዳይደርሱበት ሰው ይቁም ወይም በእሾህ ይታጠር፤ ጅብ በአንድ ሌሊት የሚበትነውን ደም ወረዳው በሙሉ ተሰልፎ አይሰበስበውም። ሦስተኛ፣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ሁለቱንም ይጥሩ። አንዱን ጠርቶ ሌላውን መተው የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ አባ ሰንጋ የከብትም የሰውም በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ከተመረጡት 5 ከእንስሳት ወደ ሰው ተላላፊ በሽታዎች አንዱ ነው፤ በሰው ጤና በኩልም ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

ባለሙያው በድኑን ሳይከፍት ከጆሮው የደም ሥር ጥቂት ደም ወስዶ በመስታወት ላይ ይቀባል፤ በማይክሮስኮፕ ለመለየት ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ለተጨማሪ ምርመራም ናሙናው በደሌ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሊላክ ይችላል። ከዚያ በድኑ በሞተበት ቦታ ወይም በአቅራቢያው፣ ከውሃ ርቆ፣ ይቃጠላል ወይም ቢያንስ 2 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይቀበራል፤ ደም የነካው አፈርና ገለባም አብሮት ይገባል። በጉድጓዱ ውስጥ ኖራ መጨመር በብዙ ቦታ እንደ ጥሩ ልማድ ይታያል፤ ለአባ ሰንጋ ግን አይመከርም፣ በኖራ ውስጥ ያለው ካልሲየም ስፖሩ እንዲቆይ ሊረዳው ይችላልና። የቀሩት ከብቶች ከዚያ ሜዳ ይነሡ፤ ጤነኞቹ ይከተቡ፣ ትኩሳት ያላቸው አስቀድመው ይታከሙና መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ይከተቡ።

ደረጃ 4፦ ከተነካኩ ወይም ከበሉ

ክትባት ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ከመደወል በፊት እጅዎን ይታጠቡ። የተነካው የሰውነት ክፍል በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ ቆዳን ሳይልጡ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይታጠባል። በአልኮል የሚሠራ የእጅ ማጽጃ ስፖርን ስለማይገድል በእርሱ አይተማመኑ። ደም የነካው ልብስ ከሌላው ሳይቀላቀል 30 ደቂቃ ያህል ይቀቀል።

ቀጥሎ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ምን እንደነኩ፣ መቼ እንደነኩ፣ በእጅዎ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ነበረ እንደሆነ፣ ሥጋ በልተው ከሆነም ጥሬ ይሁን የበሰለ በግልጽ ይናገሩ። በቅርጫው የተካፈሉትን ሰዎች ስም ማስመዝገብም የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ይህ ማጋለጥ አይደለም። ሐኪሙ እንደ ተጋላጭነትዎ መጠን ወይ ክትትል ብቻ ያዛል፣ ወይም አስቀድሞ የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጣል። ከቆዳ ንክኪ በኋላ መከላከያው መድኃኒትና ክትትል ነው፤ ክትባት ከተጋለጡ በኋላ የሚጨመረው በዋነኛነት ስፖሩ በአየር ተስቦ ወደ ሳንባ ገብቷል ተብሎ ሲታሰብ ነው። ይህም በገጠር የከብት እርድ ላይ የሚያጋጥም ነገር አይደለም ማለት ይቻላል።

ከተነካኩበት ቀን ጀምሮ በተለይ የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ሰውነትዎን በየዕለቱ ይመልከቱ። በሰው ላይ ከሚታየው አባ ሰንጋ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው የቆዳ ነው። የሚጀምረው እንደ ነፍሳት ንክሻ በምታሳክክ ትንሽ እብጠት ነው፤ በአንድ ወይም ሁለት ቀን ውሃ ትቋጥራለች፣ ትፈነዳለች፣ መሃሏም እየጠቆረ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፣ ዙሪያዋም ያብጣል። ከብጉንጅ የምትለየው በሁለት ነገር ነው፦ አታምም፣ መግልም የላትም። ሰዎች የሚዘናጉትም ስለማታም ነው። ቁስሉን መጭመቅ፣ በጋለ ብረት መተኮስ ወይም መቁረጥ ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ቁስሉ በፊት፣ በዓይን ሽፋን ወይም በአንገት ላይ ከወጣ እብጠቱ ትንፋሽ ሊዘጋ ስለሚችል ለነገ አይባልም።

ሕክምናው በአገራችን ጤና ተቋማት በሚገኙ መድኃኒቶች፣ ማለትም በሲፕሮፍሎክሳሲን፣ በዶክሲሳይክሊን ወይም ባክቴሪያው የሚሸነፍለት ከሆነ በፔኒሲሊን ወገን መድኃኒቶች የሚሰጥ ነው፤ ምርጫው የሐኪሙ ነው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን። የቆዳው ዓይነት ካልታከመ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ሲችል፣ በጊዜው ከታከመ ሞት ከ1 በመቶ በታች ነው። አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት፦ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላም ቁስሉ መልኩን እየለወጠ ይጠቁራል፣ ቅርፊቱም የሚወድቀው ከቀናት በኋላ ነው። ይህን አይቶ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ማቋረጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ሥጋውን በልተው ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከት ወይም ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ፣ አሊያም የጉሮሮ እብጠት ከመጣ ጉዳዩ የቆዳውን ያህል ጊዜ አይሰጥም፤ በቀጥታ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ወይም በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ደረጃ 5፦ የሰው ክትባት የሚያስፈልግዎ ከሆነ

ከዚህ በታች ያለው ለሦስተኛው ወገን ነው። በዓለም ላይ ለሰው የሚሰጡ የአባ ሰንጋ ክትባቶች በሁለት ዓይነት ይከፈላሉ። ሩሲያና ቻይና የሚጠቀሙት የተዳከመ ሕያው ስፖር ነው። አሜሪካና ብሪታንያ የሚጠቀሙት ግን ሕያው ባክቴሪያ የሌለበት፣ ባክቴሪያው በማደጊያው ውስጥ ከሚያመነጨው ፕሮቲን የተዘጋጀ ክትባት ነው፤ ይህ በሽታውን ሊያመጣ አይችልም። በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ባዮትራክስ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ አለ። ከእርሱ የቀደመ ተመሳሳይ ክትባት የፍየል ጠጉር በሚያቀነባብሩ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ላይ ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በታተመው ውጤት 92.5 በመቶ መከላከሉ ተመዝግቧል። የተፈተነው በቆዳና በጠጉር ሠራተኞች ላይ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በሽታው ከመነሻው የሥራ በሽታ ነው።

የባዮትራክስ አሰጣጥ ከመጋለጥ በፊት ለሚከተብ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ለሆነ ሰው እንዲህ ነው። ግማሽ ሚሊ ሊትር በክንድ የላይኛው ጡንቻ ውስጥ ይወጋል። ሁለተኛው ዙር ከ1 ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው 6 ወር ሲሞላ ይሰጣል። ከዚያ 12ኛውና 18ኛው ወር ላይ ማጠናከሪያ ይከተላል፤ በኋላም ተጋላጭነቱ እስካለ ድረስ በየዓመቱ አንድ ማጠናከሪያ አለ። በእኛ አቆጣጠር ሲታሰብ፣ መስከረም ላይ የጀመረ ሰው ሁለተኛውን ጥቅምት፣ ሦስተኛውን መጋቢት፣ የመጀመሪያውን ማጠናከሪያ በቀጣዩ መስከረም፣ ሁለተኛውን በዚያው ዓመት መጋቢት ይወስዳል፤ ከዚያ በየመጋቢቱ ይቀጥላል። የብሪታንያው ክትባት አሰጣጥ ከዚህ ይለያል፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ዙሮች በ3 ሳምንት ልዩነት፣ 4ኛው ከሦስተኛው 6 ወር በኋላ ነው። ሁለቱን እያቀላቀሉ መውሰድ ስለማይገባ፣ የተከተቡት የትኛውን እንደሆነ በካርድዎ ላይ በስሙ ይጻፍ።

አንድ ዙር ካመለጠዎ ከመጀመሪያው አይጀመርም፤ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ይሁንና የመጀመሪያዎቹ 3 ዙሮች ሳይሟሉ ራስን እንደተጠበቀ ሰው ቆጥሮ ባክቴሪያው ወዳለበት ላቦራቶሪ መግባት ሥርዓቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ለውጭ አገር ጥናት የተመረጠ ሰው ጉዳዩን መጠየቅ ያለበት ሻንጣ ሲያሰናዳ ሳይሆን የቅበላ ደብዳቤው እንደደረሰው ነው።

ከተጋለጡ በኋላ፣ ማለትም ስፖሩ በአየር ተስቧል ተብሎ ሲታመን፣ ባዮትራክስ ከቆዳ ሥር መጀመሪያ ወዲያው፣ ከዚያም በ2ኛውና በ4ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የጸደቀው ሳይፌንደስ የተባለ ክትባት ደግሞ በ2 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የግድ አብሮ ይወሰዳል። በባዮትራክስ ጊዜ መድኃኒቱ እስከ 60 ቀን ይዘልቃል፣ ስፖር በሳንባ ውስጥ ለሳምንታት ሳይበቅል ሊቆይ ይችላልና። በከብት ክትባት ላይ የተጠቀሰው የመድኃኒትና የክትባት መጣላት እዚህ የለም፤ ይህ የሰው ክትባት ሕያው አይደለም።

ክትባቱን ከየት ማግኘት ይቻላል? የምርቱ አብዛኛው ክፍል በመንግሥታት ተገዝቶ ለወታደሮችና ለአደጋ ጊዜ ክምችት የሚውል ስለሆነ ከመድኃኒት ቤት በግል የሚገዛ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ በግል ሳይሆን በመሥሪያ ቤት በኩል መሄድ ነው፦ የላቦራቶሪው ወይም የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሥራውን ዓይነትና የተጋላጮችን ብዛት ጽፎ፣ በዩኒቨርሲቲው የደኅንነት ኮሚቴ አማካይነት ለጤና ባለሥልጣናት ጥያቄ ያቀርባል። በገበያ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ «የአባ ሰንጋ ክትባት አለን» የሚል ሰው ካጋጠመ አይቅረቡት፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ሳይቀመጥ የተጓዘ ወይም በረዶ የመታው ክትባት፣ እውነተኛም ቢሆን እንኳ፣ ውኃ ከመወጋት ብዙም አይሻልም።

ደረጃ 6፦ በክትባቱ ቀንና ከዚያ በኋላ

ከመወጋትዎ በፊት ለባለሙያው ሊነገሩ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከዚህ ቀደም በዚሁ ክትባት ከባድ አለርጂ የደረሰበት ሰው አይደገምለትም። የባዮትራክስ ጠርሙስ ክዳን የተፈጥሮ ጎማ ስላለበት የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ያሳውቅ። በዕለቱ ከባድ ወይም መካከለኛ ሕመም ያለበት እስኪሻለው ይቆይ፤ ቀላል ጉንፋን ግን አያስቀርም። ነፍሰ ጡር ከመጋለጥ በፊት እንድትከተብ አይመከርም፤ በአየር የተሳበ ስፖር ካጋጠማት ግን ሚዛኑ ይገለበጣል፣ በሽታው ከክትባቱ እጅግ ይከፋል።

ከተወጉ በኋላ ክንድ ማመም፣ መቅላት፣ ማበጥ፣ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የሚቆይ ትንሽ ጉብታ፣ ራስ ምታት፣ ድካምና የጡንቻ ሕመም የተለመዱ ናቸው። ክንድዎን ማንቀሳቀስ እንኳ ለአንድ ሁለት ቀን ሊከብድ ስለሚችል፣ በሚጽፉበት ክንድ ባይወጉ ይመረጣል። ትንፋሽ ማጠር፣ የፊት ማበጥ ወይም መላ ሰውነት ላይ የሚወጣ ሽፍታ ብርቅ ነው፤ ከታየ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሕክምና ይፈልጋል፣ ስለዚህ እንደተወጉ ወዲያው አይሂዱ፣ ክትባቱን በሰጠው ክፍል ጥቂት ይቀመጡ።

የተከተበ ባለሙያ ጓንቱን አያወልቅም፤ ናሙና ሲወስድ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ቦት ጫማ እንደ ቀድሞው ይቀጥላሉ፤ አቧራ በሚነሣበት የቆዳ መጋዘን ውስጥም አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። የተከተበ ሰው በድን ከነካ በኋላ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ቢወጣበት፣ ክትባቱን ጠቅሶ ችላ ሳይል ልክ እንዳልተከተበ ሰው በዚያው ቀን ይታያል። የሚቀጥለው ማጠናከሪያ ቀን በክትባት ካርዱ ላይም በሥራ ክፍሉ መዝገብ ላይም ይጻፍ፤ ካርድ በሰው ኪስ ውስጥ ይጠፋል፣ ኃላፊም ይቀየራል።